እንጦጦ ፓርክ፣ በጠዋት እና በእግር

ከአዲስ አበባ ፓርኮች ሁሉ እንጦጦን አስበልጣለሁ። ምክንያቱም ብር ሳታወጡ ብዙ የምታገኙበት ቦታ ነው። እዚህ ከተማ መዝናናት ማለት ካፌ መቀመጥ ሆኗል። ጓደኛ ይደውላል፣ «የት እንገናኝ» ይላል፣ መልሱ ሁሌም የሆነ ካፌ ነው፤ ማኪያቶ ይታዘዛል፣ ወሬው ሲሞቅ ሌላ ይታዘዛል፣ ሰው ሲበዛ ደግሞ ወንበሩ ስለሚፈለግ ሒሳብ ከፍሎ መነሳት ነው። ልጆች ያሉት ሰው ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ በቆሙ መኪኖች መሀል ኳስ ያጫውታቸዋል። ስለዚህ አንድ ፓርክ ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው፤ የታክሲ ብር ብቻ የያዘ ሰው እዚህ ገብቶ ምን ያገኛል?

በዚህ መለኪያ እንጦጦን የሚስተካከለው የለም። እኔ በእግሬ ስገባ የመግቢያ ተጠይቄ አላውቅም። ፓርኩ የተከፈተው መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን ስፋቱ 1,300 ሄክታር ገደማ ነው። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባችሁ ሰው በሚበዛበት እሁድ ቀን ስትሄዱ ነው። ካፌዎቹ አካባቢ ግርግር ነው፣ ፎቶ የሚነሳው፣ ልጅ የሚጠራው፣ ሰልፍ የያዘው። ከዋናው መንገድ ለቅቃችሁ ወደ ዛፎቹ ትንሽ ገባ ካላችሁ ግን የራሳችሁን እርምጃ ብቻ ነው የምትሰሙት።

አካሄዱን ለማያውቅ፦ ከፒያሳ ወይም ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ታክሲ አለ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ትይዛላችሁ። ጉልበት ያላችሁ ከሽሮ ሜዳ ጀምራችሁ በእግር ውጡት። ዳገቱ ቀላል አይደለም፣ ግን ቀስ ተብሎ ይወጣል። ከተማው ራሱ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ እላይ ደግሞ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ። በተለይ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ በመጣ በማግስቱ አታውጡት። ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ። ስትወጡም ቆም እያላችሁ፣ ውሃ እየጠጣችሁ ሂዱ።

ሰዓቱ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ወይም 1 ሰዓት ላይ እዚያ ድረሱ። ያኔ ብርዱ ፊት ይቆነጥጣል፣ ጃኬት የግድ ነው፣ ለልጆችም ኮፍያ ያዙላቸው። ግን በዚያ ሰዓት የምታዩት ቀትር ላይ አይገኝም። ሯጮች በቡድን በቡድን ሆነው ያልፏችኋል፣ ከአፋቸው ጭስ የመሰለ ትንፋሽ እየወጣ፣ አብዛኞቹ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸው ገና ልጆች ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ሲሠለጥን የሮጠው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። እኔ ስፖርት የምወድ ሰው አይደለሁም፣ ቢሆንም እነዚህን ልጆች ሳይ እርምጃዬ ሳይታወቀኝ ይፈጥናል። ደግሞ በጠዋት ጭጋግ ካልኖረ እይታው እስከ ሩቅ ነው፤ ከተማው በሙሉ ከታች ተዘርግቶ፣ በአንድ ወገን ወጨጫ፣ በሌላው የረር ይታያል። ከቀኑ 5 ሰዓት በኋላ የጭሱ እና የአቧራው ነገር ይሸፍነዋል።

ስለ ዛፉ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ጫካ» ብሎ ብቻ ያልፈዋል። የምታዩት በብዛት ባህር ዛፍ ነው፣ እሱ ደግሞ የዚህ አገር ዛፍ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው አዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀባት ነው። እንዲያውም ችግሩ ስለበረታ ንጉሡ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር፤ ቶሎ የሚያድገው ባህር ዛፍ ነው ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት። በሌላ በኩል ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ አካባቢም ሌላ ነገር ብዙም አያበቅልም። ይሄን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ባህር ዛፉ ጥቅጥቅ ያለበት መሬቱ ባዶ ነው፣ ቅጠል ብቻ ነው ያለበት፤ ጽድ ወይም ኮሶ ያለበት ጋ ስትደርሱ ግን ሳሩም፣ አበባውም፣ ወፉም ይለያል። ልጆች ካሏችሁ ይሄንን ልዩነት አሳዩአቸው። ከማንኛውም ጨዋታ በላይ ይጠይቃሉ።

ያ ማገዶ ግን የሚወርደው በሰው ጀርባ ነበር። ጎንበስ ብለው፣ ከራሳቸው የሚከብድ እንጨት እና ቅጠል ተሸክመው በዚህ ቁልቁለት የሚወርዱ እናቶችን የማያስታውስ የሽሮ ሜዳ ልጅ የለም። አሁን እኛ በስኒከር ለመዝናናት የምንሄድበት መንገድ የእነሱ የእንጀራ መንገድ ነበር። እኔ ስሄድ ሁሌ አስባቸዋለሁ። የፓርኩን መንገድ ከሚያስጌጠው ነገር ሁሉ በፊት የእነዚህ እናቶች ሐውልት ቢቆም ደስ ይለኝ ነበር።

እንጦጦ ማርያምን ሳታዩ አትመለሱ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከአጠገቡ የድሮ ቤታቸው አለ፣ ከእንጨት እና ከጭቃ የተሠራ፣ ጣሪያው ሣር። ቤተ መንግሥት ሲባል ሌላ ነገር ጠብቆ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ቀላልነቱ ነው የማረከኝ። እዚያ ቆማችሁ ወደታች ስታዩ፣ እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ሸሽተው ፍል ውሃው ወዳለበት ሜዳ ለምን እንደወረዱ ወዲያው ይገባችኋል።

ወደሚከፈልበት ነገር ልምጣ። ብስክሌት ኪራይ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ዚፕላይን፣ ጎካርት፣ ቀስት ውርወራ፣ ፔይንትቦል አለ። ከነዚህ ብራችሁን የሚገባው ብስክሌቱ ነው። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ጥላው ደስ ይላል፣ አንድ ሰዓት ሳታውቁት ያልፋል፤ ቁልቁለቱ ላይ ብቻ ፍሬኑን ቀድማችሁ ሞክሩት። ፈረሱ ለልጆች ነው። ዚፕላይን የሚወድ ሰው በሥራ ቀን ይሂድ፣ ቅዳሜ እና እሁድ ሰልፉ ያሰለቻል። ጎካርቱን እኔ አልወደውም። ይሄን ያህል ጸጥ ያለ ቦታ ላይ የሞተር ድምፅ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም፣ ታናሽ ወንድሜ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ ጋር አይስማማም፣ እሱ የሚመጣው ለእሱ ነው።

ምግቡ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ዋጋው የሰፈር ዋጋ አይደለም። እይታ ያላቸው ቆንጆ ቤቶች አሉ፣ ለልደት ወይም ለእንግዳ ይሆናሉ፣ ለተራ ቅዳሜ ግን ቤተሰብ ይዞ መብላት ከባድ ነው። ተራራው ላይ አንድ ቦታ ቁርስ አዝዘን በጣም ከመቆየቱ የተነሳ ልጆቹ ከቤት በያዝነው ቆሎ ጠገቡ። ስለዚህ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ውሃ በቦርሳ ያዙ፣ ቆሻሻችሁን መልሳችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ ወርዳችሁ ትኩስ ሽሮ ወይም ፍርፍር ብሉ። ከዚያ ሁሉ እግር ጉዞ በኋላ የምትበሉት ሽሮ ሌላ ነው። የሀበሻ ልብስ የሚገዛ ካለም እግረ መንገዱን ይገዛል።

ሌሎቹን ፓርኮች አልናቅኩም። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተው፣ ለታሪክ ከሆነ ከሁሉም ይበልጣል። ምኒልክ ግብር ያበሉበትን አዳራሽ፣ የዙፋን አዳራሹን፣ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበትን ምድር ቤት በአንድ ግቢ ታያላችሁ፣ አንበሶቹም ለልጆች ናቸው። ትኬት ይገዛል፣ ፍተሻ አለ፣ ግማሽ ቀን መድቡለት። ግን እዚያ ጎብኚ ናችሁ፤ ሣር ላይ ጋደም ብሎ ሰማይ የማየት ቦታ አይደለም። ወዳጅነት ፓርክ ሰው ሠራሹ ሐይቅ እና ፏፏቴው ሲመሽ ያምራሉ፣ መሀል ከተማ ስለሆነም ከሥራ በኋላ ይመቻል። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ደግሞ 705 ሄክታር ነው፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እና የከተማው አስተዳደር ያቋቋሙት፣ አገር በቀል ዕፅዋት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እሱን ያስቀድም። ጸጥታው ከእንጦጦም ይበልጣል።

ወቅቱን በተመለከተ ጥቅምት እና ኅዳርን የሚያህል የለም፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱም ገና አረንጓዴ ነው። ሐምሌ እና ነሐሴ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጭጋጉም እይታውን ይወስደዋል። ጭጋግ ለሚወድ ሰው ግን የዚያን ጊዜ ጫካው ልዩ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ሲመሽ ብቻችሁን በጫካው ውስጥ አትቆዩ፣ ተራራው ጅብ አለበት።

አንድ የምለምነው ነገር አለ። ከመገናኛ ወይም ከሜክሲኮ ቅዳሜ እና እሁድ ጠዋት ቀጥታ እንጦጦ የሚወጣ የከተማ አውቶቡስ ይመደብ። አያት ወይም ጀሞ የሚኖር፣ ሁለት ልጅ እና እናቱን የያዘ ሰው ሦስት ታክሲ እየቀየረ ነው የሚመጣው፤ ደርሶ መልስ ሲደመር ለአራት ሰው የሚወጣው ብር ቀላል አይደለም። አውቶቡሱ ካለ የእኔ እናትም በየሳምንቱ ትመጣለች።