የጣሪያ ዝናብን መሬት የሚያሰርግ ገጠማ፣ ደብረ ማርቆስ

አገልግሎቱ አሸንዳ፣ መውረጃ ቱቦ፣ የመጀመሪያ ውኃ መጣያና ማስረጊያ ጉድጓድ በጥቅል ሠርቶ ያስረክባል። ግቢያችሁ ቀይ አፈር ከሆነ አሠሩት። በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት ደብረ ማርቆስ፣ 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ከ60 ሺህ ሊትር በላይ ያወርዳል፤ ይህ ሁሉ በጎርፍ ሲሄድ ማየት ያሳዝናል።

የአሸንዳው ሥራ ያስመሰግናል። በየሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ መያዣዎቹም ተቀራርበው ስለተመቱ በኃይለኛ ዝናብ ሆዱ አይወርድም።

መጣያው ግን በጣም ያንሳል። ቆርቆሮው በበጋ አቧራ፣ የወፍ ኩስና የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለሚሰበስብ፣ ከ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ የሚወርደው የመጀመሪያ 30 ሊትር መጣል አለበት። የሚተክሉት ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ ከ9 ሊትር አይበልጥም። በበርሜል አስተኩት። ከሥሩም ቀስ ብሎ የሚያንጠባጥብ ጠባብ ቀዳዳ ይኑረው፤ አለበለዚያ የትናንቱ ውኃ እንደሞላ ያድርና የዛሬው ቆሻሻ በቀጥታ ያልፋል።

ማስረጊያው 1.5 በ1.5 ሜትር ሆኖ 2 ሜትር ይጠልቃል፤ ከታች ድንጋይ፣ በላዩ ኮረት፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር አሸዋ። በክፍተቶቹ 1,500 ሊትር ያህል ስለሚይዝ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንዴ ቢወርድ ይችለዋል። አሸዋው ሳይገባ አንድ እፍኝ በውኃ ጠርሙስ ናጡት፤ ሲረጋ ከላዩ ወፍራም ደለል ከተኛ ይታጠብ፤ ካልታጠበ ጭቃው ወርዶ ኮረቱን ይደፍነዋል።

ትልቁ ጉድለት የአፈር ፍተሻው ነው። ሚያዝያ ላይ ቆፍረው ውኃ ያፈሱና «ይሰርጋል» ይላሉ። ዋልካ (ጥቁሩ ሸክላማ አፈር) በበጋ ተሰነጣጥቆ ውኃ ይጠጣል፤ ሐምሌ ላይ ግን አብጦ ይዘጋል። ስለዚህ ጉድጓዱ ተሞልቶ ይደር፣ በማግስቱ እንደገና ተሞልቶ ይለካ። በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ ገንዘባችሁን አታውጡ። ዋልካ ላይ ለቤቱ መሠረት ተጠግቶ ከተቆፈረ ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል፤ በሚያሰርግ አፈርም ቢሆን ከመሠረቱ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ከሽንት ቤት ደግሞ 30 ሜትር።

ውኃውን በቀጥታ ወደ መጠጥ ጉድጓዳችሁ እንልቀቀው ካሏችሁ እምቢ በሉ፤ የጣሪያው ቆሻሻ ሳይጣራ ይገባል። የትርፍ ውኃ መውጫ ቱቦና በየግንቦቱ የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ አንስቶ ማጠብ በጥቅሉ ውስጥ የሉም፤ ሁለቱንም ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ ላይ አስጽፉ።