ኪውጂአይኤስን ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች አስተምሬበት ያየሁት

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ተማሪዬ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሥራ ሶፍትዌር የመንገድ ዲዛይኑን የሳተላይት ምስል ላይ ሲጭነው መንገዱ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ አለፈ። ልጁ ደነገጠ። «ሰርቬዩ ተሳስቷል» አለኝ። ሰርቬዩ አልተሳሳተም። ነጥቦቹ የተያዙት አዲንዳን በሚባለው በቆየው የካርታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) ነው፣ እሱ ግን ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ናቸው ብሎ አስገባቸው። አዲስ አበባ አካባቢ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ቅንብሩን አስተካክለን መንገዱ ወደ ቦታው ሲመለስ ክፍሉ በሙሉ ከወንበሩ ተነስቶ ስክሪኑን ከቦ ቆመ። እኔ በሰሌዳ ላይ ሁለት ሰዓት ብለፋ ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር።

እንግዲህ ስለ ሶፍትዌሩ። ኪውጂአይኤስን ጋሪ ሸርማን በ2002 እ.ኤ.አ. ጀመረው፣ ዛሬ የሚያሳድጉት በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው። ነፃ ነው። ድሮ የፈቃድ ዋጋው ስለማይቀመስ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በፍላሽ እየተቀባበልን ነበር የምናስተምረው፤ ተማሪው ላብ ውስጥ ይሠራል፣ ቤት ሲሄድ ላፕቶፑ ላይ አይከፍትለትም፣ ተመርቆ ሳይት ሲገባ ደግሞ ጭራሽ የለም። አሁን እዚያው ክፍል የጫነውን ይዞት ይወጣል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ኮርሱን በባለቀለም ካርታ መጀመር ስህተት ነው፣ እኔም ተሳስቼበታለሁ። የክልል ካርታ ቀለም መቀባት ለሲቪል ተማሪ ምንም አይጠቅመውም። አሁን የምጀምረው በኮርድኔት ሲስተም፣ ማለትም ቦታ በቁጥር በሚገለጽበት ሥርዓት ነው። አንዱ ሥርዓት ዩቲኤም ነው፣ ምድርን በዞን ይከፍላል። ተማሪ ሁሉ «ዞን 37» ብሎ ሸምድዶ ይመጣል። ጋምቤላና አሶሳ ዞን 36 ውስጥ፣ ጅግጅጋ ደግሞ 38 ውስጥ እንደሆኑ ስነግራቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ። ከዚያ በጣም የሚያምታታው ነገር ይመጣል፦ ለሌየሩ (ለካርታው የዳታ ንብርብር) ሲአርኤስ (የኮርድኔት ሲስተሙን ስም) መስጠትና ሌየሩን ሪፕሮጀክት ማድረግ። የመጀመሪያው መለያ መለጠፍ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ቁጥሮቹን ራሳቸውን ይቀይራል። የአንድን ሰው መታወቂያ ብትቀይሩ ሰውየው ከጎንደር ሐዋሳ አይሄድም፣ እላቸዋለሁ። ሌላም አለ፤ አዲንዳንን ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተጠቅመውበታል፣ ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ሲቀየር የሱዳን፣ የማሊ፣ የሴኔጋል የየራሳቸው ማስተካከያ አለ። ሶፍትዌሩ የትኛውን ልጠቀም ብሎ ሲጠይቅ ዝም ብሎ እሺ ማለት አይገባም፣ የኢትዮጵያውን ፈልጎ መምረጥ ነው።

የምወደው ልምምድ የአዲስ አበባው የቀበና ወንዝ ተፋሰስ (ዝናቡ ወደ ወንዙ የሚፈስበት መሬት) ነው። ኤስአርቲኤም የተባለውን የመሬት ከፍታ ዳታ ያወርዳሉ፣ ወደ ዩቲኤም ይቀይራሉ፣ ዳታው ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ይሞላሉ፣ የውሃውን አቅጣጫና ክምችት ያሰላሉ፣ የውሃውን መውጫ ነጥብ ጠቅ ያደርጋሉ። የሚገርመው መጨረሻው ላይ ነው። አንዷ ተማሪ መውጫውን ከወንዙ መስመር ሁለት ፒክሰል ብቻ አስታ ነካችው፣ የወጣላት ተፋሰስ ከአንድ ግቢ አይበልጥም። ነጥቡን ትንሽ ገፋ አድርጋ ወንዙ ላይ ስታሳርፈው እስከ እንጦጦ ያለው ሁሉ ተሞላ። ጎርፉን የምናሰላው በዚያ ስፋት ነው። ስፋቱ ከተሳሳተ የካልቨርቱ (ውሃን ከመንገድ ስር የሚያሳልፈው ቱቦ) መጠን አብሮ ይሳሳታል፣ በክረምት መንገዱን ውሃ ይበላዋል። ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ነጥብ ሳታጎላ አትነካም።

ግን እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግራቸው ነገር አለ። የዳታው ፒክሰል ጎኑ 30 ሜትር ነው። አንድ ፒክሰል 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ የመንገድ ዳር ቦይ እዚያ ውስጥ አይታይም። ከጠፈር መንኮራኩር ላይ በራዳር የተነሳው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተቆረጠ ኮረብታ፣ የተሞላ ገደል አያውቅም። ራዳሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሲያገኝ እስከ መሬቱ አይደርስም፣ ስለዚህ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ከፍታውን ሊያንረው ይችላል። ለቅድመ ጥናት ግሩም ነው። ለመጨረሻ ዲዛይን ግን ሰርቬየር ወደ መሬቱ መውጣት አለበት። ይህንን ሳይነግር ተፋሰስ የሚያስተምር መምህር ተማሪውን አደጋ ላይ እየጣለው ነው፣ ቃሌን አላለዝብም።

አሁን የሚያስቸግረውን ልንገራችሁ። ሸይፕፋይል፣ የቆየው የካርታ ዳታ ፎርማት። ተማሪ ፋይሉን በፍላሽ ያመጣና አይከፍትም፤ ስታዩት ዋናዋን ፋይል ብቻ ነው የቀዳው፣ አጃቢዎቹን ትቷቸዋል። ሌላው የአማርኛ ነገር ነው። የሸይፕፋይል የዓምድ ስም 10 ባይት ብቻ ይይዛል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ «ቀበሌ» ትገባለች፣ «የመንገድ ስም» ግን ይቆረጣል። ኢንኮዲንጉ (ፊደል በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ) ካልተስተካከለም ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። መፍትሔው ጂኦፓኬጅ የተባለው ፎርማት ነው። አንድ ፋይል ነው፣ አማርኛ ይቀበላል፣ ከእሱ ሌላ ፎርማት ለተማሪ አልሰጥም።

ጊዜያዊ ሌየርም (ሴቭ ካልተደረገ የሚጠፋው) ጉድ ይሠራል። አንድ ቡድን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የግቢውን ቦይ ሲስል ዋለ፣ ሴቭ ያደረገ የለም፣ መብራት ጠፋ። የላብ ኮምፒውተር ነው፣ ባትሪ የለውም። ሁለት ልጆች ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ሌየሩ ጊዜያዊ መሆኑን የምትናገረው ምልክት ከሌየሩ ስም ጎን ትታያለች፣ ግን ለጀማሪ በጣም ትንሽ ናት።

ከካድ (መሐንዲሶች ዲዛይን ከሚሥሉበት ሶፍትዌር) ጋር ያለው ግንኙነትም ገና ይቀረዋል። ዲኤክስኤፍ የተባለው የካድ ፋይል ይገባል፣ ግን ኮርድኔት ሲስተሙን ይዞ አይመጣም፣ ዲዛይነሩን መጠየቅ ግድ ነው። ዲደብሊውጂ የተባለው ሌላው የካድ ፎርማት አዳዲስ ፋይሎች ላይ ብዙ ጊዜ ይቸገራል፣ ስለዚህ ዲኤክስኤፍ አድርጋችሁ ላኩ በሏቸው። የመንገድ ዲዛይን ራሱን በዚህ ሶፍትዌር እንዲሠሩ አታድርጉ፣ ለዚያ አልተሠራም።

ኪውፊልድን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ስልክ ላይ የሚጫን አጋሩ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ተማሪዎቹን በቡድን ከፍዬ ግቢው ዙሪያ ያሉትን ካልቨርቶች እንዲመዘግቡ ላክኋቸው፦ ቦታ፣ ስፋት፣ በደለል ተደፍኗል ወይስ አልተደፈነም፣ ፎቶ። ማታ ሁሉንም አንድ ላይ ስናየው የተደፈኑት ካልቨርቶች ተሰብስበው የሚገኙት በየክረምቱ ውሃ የሚተኛበት የግቢው ጥግ ላይ ነበር። አንዱ ልጅ «ለግቢው ጥገና ክፍል እንስጣቸው» አለ፣ ካርታውን አትመው ወሰዱላቸው።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የቀነስኩት በካዱና በጊዜያዊ ሌየሩ ነው። የምትጀምሩ መምህራን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ስሪት ጫኑ፣ ሴሚስተሩ መሃል ላይ አይቀየርባችሁም። ማውረጃው ከ1 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አንዴ አውርዱና በፍላሽ አዳርሱት፣ ፈቃዱ ይህንን ይፈቅዳል። ነፃው የማሠልጠኛ መመሪያ ጥሩ ነው፣ ዳታው ግን የደቡብ አፍሪካዋ ስዌለንዳም ነው፤ እርምጃውን ከእሱ ውሰዱና ዳታውን በሰፈራችሁ ወንዝ ተኩት።