ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ቤት ሲቀይሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎን በምን ቻርጅ ያድርጉ? ተንቀሳቃሽ፣ የግድግዳ ወይስ ስሪ ፌዝ

ግቢው መኪና ያስገባል ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ውል ከመፈረም በፊት አራት ነገር ይጣራ፦ ቆጣሪው የግል ነው የጋራ? በዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈው አምፔር ስንት ነው? ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው ስንት ሜትር ይሆናል? ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) አለው? ምርጫውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ ሲሞላ፣ የሚባክነው ተጨምሮ ከቆጣሪ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ፦

ተንቀሳቃሽ (ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ቻርጀር)፣ 10 አምፔር፦ 2.2 ኪሎዋት፣ 18 ሰዓት
ተንቀሳቃሽ፣ 16 አምፔር፦ 3.5 ኪሎዋት፣ 11 ሰዓት ተኩል
የግድግዳ፣ 32 አምፔር፦ 7 ኪሎዋት፣ 6 ሰዓት ያልሞላ
ስሪ ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ)፣ 16 አምፔር፦ 10.5 ኪሎዋት፣ 4 ሰዓት ገደማ (መኪናው ከተቀበለው)

ስሪ ፌዙን ቶሎ እንለፈው። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ከኤሲ (ከቤት) መስመር የሚቀበሉት በአንድ ፌዝ 6.6 ወይም 7 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ ትልቁ ሳጥን ትርፉ ወጪ ነው። ቤቱ ቀድሞውኑ ስሪ ፌዝ ካለው ግን ምጣዱን በአንዱ፣ መኪናውን በሌላው ፌዝ ማድረግ ይቻላል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የግድግዳው ቻርጀር የሚያጓጓው በፍጥነቱ ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከምጣዱ ጋር ሲገናኝ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ 16 አምፔር ይስባል። ከ32ቱ ጋር 48 ይሆናል፤ ዋናው ብሬከር 40 ከሆነ ቆይቶ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ብሬከሩን በትልቅ መተካት አይደለም፤ ከኋላው ያለው ሽቦ ያንን ካልቻለ የሚነደው እሱ ነው። አምፔሩ የሚስተካከል ሳጥን ገዝቶ 16 ላይ ማድረግ፣ ወይም ሰዓት ሞልቶ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ማስጀመር ይሻላል። ምሽት ላይ ቮልቴጅ በሚወርድበት ሰፈርም ይኸው ሰዓት ይመረጣል።

ዕቃው ሲገዛ፦ ለ32 አምፔር 40 አምፔር ብሬከር፣ እስከ 25 ሜትር 6 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) የመዳብ ሽቦ፣ ከዚያ በላይ 10 ካሬ። 30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ መስመሩን የሚያቋርጥ) የግድ ያስፈልጋል፤ ቻርጀሩ ውስጥ የዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ሊኬጅ መከላከያ ካለው ታይፕ ኤ የሚባለው የብሬከሩ ዓይነት ይበቃል። የደሴ ክረምት አይቀልድም፣ ደጅ የሚሰቀለው ሳጥን አይፒ 65 (አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ) ይሁን። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያገናኝ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ይጨመርበት። ለፍሪጅ የተገዛ ስታቢላይዘር 7 ኪሎዋት አይሸከምም።

ተንቀሳቃሹ ደግሞ በቀጣዩ ቤትም አብሮ ይሄዳል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ደርሶ መልሱ 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱም ተጨምሮ ወደ 10 ኪሎዋት ሰዓት ቢያስወጣ በ16 አምፔር ሦስት ሰዓት ነው። ለተከራይ 7 ኪሎዋት ለምን ያስፈልጋል? ነገር የሚበላሸው ሶኬቱ ላይ ነው። ከቻይና የመጣው ስፒና ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰው በአዳፕተር ወይም በዲቫይደር ይሰካዋል፤ ሁለቱም ለሰዓታት ለሚቆይ 16 አምፔር አልተሠሩም፣ ይቀልጣሉ። ከቆጣሪው በ4 ካሬ ሽቦና በ20 አምፔር ብሬከር ለብቻው መስመር ይጎተት፤ ጫፉ ላይ ለስፒናው ልክ የሆነ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ይታሰር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስፒናው በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ አሠሩ ላልቷል፣ ይቁም።

ለሁሉም ግን ዋናው ኧርዝ ነው። በብዙ ቤት ሶኬቱ የኧርዝ መገናኛ አለው፣ ከጀርባው ግን የታሰረ ሽቦ የለም። ቻርጀሩ ቀይ መብራት አሳይቶ እምቢ ሲል አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ኧርዙንና ኒውትራሉን (የኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦውን) በአጭር ሽቦ ያገናኛል። ቀዩ ይጠፋል። ኒውትራሉ ከፖል ላይ የተበጠሰ ዕለት ግን የመኪናው አካል 220 ቮልት ይሸከማል፣ በሩን የነካውም ሰው ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው የመዳብ ዘንግ ቀብሮ በመለኪያ ማየት ነው፤ ከ10 ኦም በታች ቢወርድ መልካም። ዓለታማ ተዳፋት ላይ ዘንጉ ካልገባ፣ ቦይ ቆፍሮ ባዶ የመዳብ ሽቦ አግድም መቅበር ይቻላል። ኮምቦልቻ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ንባቡ ከፍ ስለሚል መለካት ያለበት ያኔ ነው።

የጋራ ቆጣሪ ላይ ያለ ተከራይ ንዑስ ቆጣሪ በመኪናው መስመር ላይ ያስገባ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ስለሆነ መኪናው የሁሉንም ሒሳብ ወደ ላይኛው እርከን ይገፋዋል፤ ክፍፍሉ ከአከራዩ ጋር አስቀድሞ ይጻፍ።

ሳጥን ሲገዛ የመኪናው መሰኪያ ይታይ። የቻይናው ጂቢቲና የአውሮፓው ታይፕ 2 ከሩቅ መንታ ይመስላሉ፣ አይገጥሙም።

ደሴ አድረው ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱ ደግሞ ቻርጁን 85 በመቶ ላይ ያቁሙት። ባትሪው ጢም ካለ ቁልቁለቱ የሚመልሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ሸክሙ በሙሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል።