ለጅማ ልጅ የትኛው ይሻላል፦ የሩሲያው ወይስ የለንደኑ የባሌት ሥርዓት?

የእህቴ ልጅ 9 ዓመቷ ነው፤ የባሌት ዳንስ ካልተማርኩ ብላ ከረመች። እዚህ ጅማ የምትለማመደው ሳሎን ውስጥ፣ በቪዲዮና በእኔ ክትትል ስለሆነ የትኛውን ሥርዓት እንደምንከተል ብዙ አሰብኩበት።

የሩሲያውን የቀመረችው የባሌት መምህርቷ አግሪፒና ቫጋኖቫ ናት፤ መጽሐፏ በ1934 እ.ኤ.አ. ታተመ። እግር፣ ወገብ፣ ክንድና አንገት ተስማምተው እንዲንቀሳቀሱ ያስተምራል፤ ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን በሴንት ፒተርስበርግ የባሌት ትምህርት ቤት ተመርጠው የገቡ ልጆች ከ10 ዓመታቸው ገደማ ጀምረው ለ8 ዓመታት በመምህር ዓይን ሥር የሚሠሩት ነው። በባሌት እግር ወደ ውጭ ዞሮ ነው የሚሠራው፤ መዞር ያለበትም ከዳሌ ነው። አጠገቧ ሆኖ የሚያርማት ከሌለ ልጅቷ ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን ልትጠመዝዝ ትችላለች፤ ይህ በጣም ያስፈራኛል።

በ1920 እ.ኤ.አ. ለንደን የተመሠረተው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ የተባለው የዳንስ ትምህርት ተቋም ግን ትምህርቱን ከ1 እስከ 8 በደረጃ ከፋፍሎታል። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ለሚለማመድ፣ ባለሙያ ልሁን ለማይል ልጅም ይሆናል። ለእኛ ይሄኛው ይሻላል።

የቱንም ብንይዝ የማልደራደርበት አለ፦ በጣት ጫፍ መቆም ከ11 ወይም 12 ዓመት በፊት፣ ያውም እግሯን ያየ መምህር ሳይፈቅድ፣ አይሞከርም። ሲሚንቶ ላይ መዝለልም እንዲሁ፤ ጉልበት ይጎዳል። የእጅ መደገፊያውን ዘንግ ግን የሰፈራችን አናጢ በወገቧ ልክ ለክቶ ከዋንዛ ሠርቶላታል።