700ዲ፣ 2000ዲ፣ 4000ዲ ወይስ ኒኮን? ጅማ ላይ የመጀመሪያ ካሜራ ለሚገዛ

የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ስልኬ ፋታ አያገኝም። «ጋሼ፣ ካሜራ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ግማሾቹ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ናቸው፤ የምርቃት ፎቶ እያነሱ የኪስ ገንዘብ ለማግኘት አስበዋል። ሌሎቹ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ ኖረው አሁን በራሳቸው ሊሠሩ የቆረጡ ናቸው። ጥያቄው ግን ሁሌም ያው ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መልሱን አላንጠለጥለውም። ገንዘባችሁ ጠበብ ያለ ከሆነ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ግዙ። ካርቶኑ ያልተከፈተ 2000ዲ በሚጠራበት ዋጋ አያዋጣም። 4000ዲን ጭራሽ አትንኩት። ኒኮን ምርጥ ካሜራ ነው፤ ጅማ ላይ ግን ብቻችሁን ትቀራላችሁ።

መጀመሪያ ቁጥሩ እንዳይሸውዳችሁ። ካኖን ላይ ቁጥሩ በረዘመ መጠን ካሜራው ዝቅ ያለ ነው። 1300ዲ፣ 2000ዲ እና 4000ዲ የታችኛው እርከን ናቸው። 600ዲ፣ 700ዲ እና 250ዲ ከእነሱ በላይ ናቸው። 70ዲ እና 80ዲ ደግሞ ከእነዚህም ከፍ ይላሉ። ደላሎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ። «4000 እኮ ነው ብራዘር፣ ከ700 ጋር ታወዳድረዋለህ?» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጁም አመነ።

ሁለተኛው ጨዋታ የስም ነው። አንዱ ካሜራ በየአገሩ ሌላ ስም አለው። እኛ 2000ዲ የምንለው አሜሪካ ውስጥ ሬብል ቲ7፣ እስያ ውስጥ ደግሞ 1500ዲ ይባላል። 4000ዲ እስያ ውስጥ 3000ዲ፣ አሜሪካ ውስጥ ቲ100 ነው። 700ዲ ደግሞ እዚያው አሜሪካ ቲ5አይ ነው። «ይሄ የአሜሪካ ዕቃ ነው» ተብሎ ጥቂት ሺህ ብር ሲጨመርበት አይቻለሁ። ውስጡ ያው ነው። ስሙ ላይ አንዲት ብር አትጨምሩ።

ወደ ዋጋ እንምጣ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። አዲስ ካሜራ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። ስለዚህ የአዲሱ ዋጋ ዘለለ፣ ያገለገለውም እየተከተለው ሄደ፤ ግን እኩል አልሮጠም። ባለፈው ሰሞን ለአንድ ልጅ ስንፈልግ ያገለገለ 700ዲ ከ18-55 ሌንሱ (አብሮት ከሚመጣው ኪት ሌንስ) ጋር 48 ሺህ ብር ተጠራ። ተከራክረን 41 ሺህ ላይ ቆመ። በዚያው ሳምንት ለአዲስ 2000ዲ የተጠራብን 78 ሺህ ነበር፤ ሻጩም ንቅንቅ አላለም። ይህን ስታነቡ ቁጥሮቹ ተለውጠው ይሆናል። ልዩነቱን ግን ያዙት። በዚያ ልዩነት ብዙ ብርሃን የሚያስገባ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ ተጨማሪ ባትሪና ደህና ሚሞሪ ገዝታችሁ ይተርፋችኋል። በኪት ሌንስ ብቻ ማታ አዳራሽ ውስጥ ሠርግ ከሚያነሳ ባለ 2000ዲ፣ 50 ሚሜ ያሰረ ባለ 700ዲ የተሻለ ፎቶ ይዞ ይወጣል። ደንበኛ ስንት ሜጋፒክስል ነው ብሎ አይጠይቅም።

እኔ የምከተለው ሒሳብ ይህ ነው፦ ከያዛችሁት ገንዘብ ለቦዲ (ሌንስ ላልታሰረበት ካሜራ) እና ለኪት ሌንስ ከ60 ከመቶ በላይ አታውጡ። ቀሪው ለ50 ሚሜ፣ ለባትሪ፣ ለሚሞሪና ለፍላሽ ነው። አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ የ350 ኪሎ ሜትር መንገድ ደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን፣ አልጋውንና የደላላውን ኮሚሽን ደምሩበት። አምስት ሺህ ብር ቅናሽ አገኘሁ ያለ ሰው ይህን ሲደምር ብዙ ጊዜ ዜሮ ይሆንበታል። ዕቃው ችግር ካመጣም መልሳችሁ የምትሄዱት ያንኑ መንገድ ነው።

አሁን 4000ዲን ለምን እንደማልወደው ልንገራችሁ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንግሊዝ ውስጥ ከሌንሱ ጋር 370 ፓውንድ ገደማ ነበር፤ አብሮት የወጣው 2000ዲ 470 ገደማ። መቶዋን ፓውንድ ከየት እንደቀነሷት ካሜራውን ያየ ያውቃል። ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበት ፕላስቲክ ነው። የዓይን መነጽር ለምታደርጉ፣ በመመልከቻው ስታዩ ጥራቱን ለዓይናችሁ የምታስተካክሉባት ትንሽ ጎማ የለችውም። ማብሪያ ማጥፊያው ሞድ መቀየሪያው ላይ ነው፤ በችኮላ አዙራችሁ ታልፉታላችሁ። ስክሪኑም ትንሽ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ በዘመድ በኩል ከውጭ ያስመጣው ይህንኑ ነው፤ «ፕሮፌሽናል ኪት» ተብሎ። ቦርሳውን ሲከፍተው ገበያ የወጣ ይመስላል። ሚጢጢ ትሪፖድ፣ ባለቀለም መስታወቶች፣ ማጽጃ፣ የማይታወቅ ስም ያለው ሚሞሪ አለው። «ሰፊ ሌንስ» እና «ቴሌ ሌንስ» የተባሉት ደግሞ በኪት ሌንሱ አፍ ላይ የሚጠመዘዙ መስታወቶች ናቸው። ሰፊውን አስረን ግቢያቸውን አነሳን። መሃሉ እሺ፣ ዳር ዳሩ ግን ሳሙና የነካው ይመስላል፤ የቆርቆሮው አጥር ጎብጦ ወጣ። ለእነዚያ ሁሉ ኮተቶች የተከፈለው ገንዘብ አንድ 50 ሚሜ ይገዛ ነበር።

2000ዲ ከ4000ዲ ይሻላል፤ አልክድም። ቀለበቱ ብረት ነው፣ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ዋይፋይ አለው። 700ዲ ዋይፋይ የለውም፤ ፎቶ ወደ ስልክ ለማሳለፍ ካርድ ሪደር ያስፈልጋችኋል። በቃ፣ የ2000ዲ ብልጫ እዚያ ያልቃል። የማይክ መሰኪያ የለውም። ሠርግ ላይ ቪዲዮ ጨምሩልን የማይል ሙሽራ ስለሌለ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። 700ዲ የማይክ መሰኪያ አለው፤ ስክሪኑ ተገልብጦ ይዞራል፣ በጣት ይነካል። ከሰው ራስ በላይ ካሜራ አንስታችሁ ሙሽሪት ስትገባ ለመቅረጽ የሚዞር ስክሪን ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ዘጠኙም የ700ዲ የፎከስ ነጥቦች በሁለት አቅጣጫ፣ በአግድምም በቁምም፣ የሚያነቡ ናቸው፤ 2000ዲ ላይ እንዲህ የምትሠራው የመሃሏ ብቻ ናት። በሰከንድ 5 ፎቶ ያነሳል፤ ያኛው 3።

ሻጭ የማይነግራችሁ ሌላም አለ። ካሜራው አናት ላይ፣ ፍላሽ የሚሰካበት ብረት መሃል፣ አንዲት ከፍ ያለች ክብ ነጥብ አለች። ርካሾቹ የቻይና ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያስተኩሱ ዕቃዎች) የሚተኮሱት በእሷ ነው። ካኖን 4000ዲ እና 250ዲ ላይ ይህችን ነጥብ አስቀርቷታል፤ ብዙ 2000ዲዎችም የላቸውም። ውጤቱ? ከጓደኛችሁ የተዋሳችሁት ትሪገር ይበራል፣ ፍላሹ ግን ዝም ይላል። 700ዲ ላይ ነጥቧ አለች። ይህችን ሳያይ ገንዘብ የሚቆጥር ሰው አይገባኝም።

250ዲስ ለምትሉ፦ ገንዘቡ ካላችሁ ጥሩ ነው። ቀላል ነው፣ የማይክ መሰኪያ አለው፣ ቪዲዮ ላይ ፎከሱ ፊት ተከትሎ ይሄዳል፣ 700ዲ እዚያ ላይ አይደርስበትም። ግን የመጀመሪያ ካሜራ በዚያ ዋጋ ገዝቶ ለሌንስ ገንዘብ ያጣ ሰው በዝቷል። ያቺ የፍላሽ ነጥብ እሱም ላይ እንደሌለች አትርሱ።

ኒኮንን ልናገር፤ ኒኮናውያን እንዳትቀየሙኝ። ዲ3500 በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ ያነሳል ይላል አምራቹ፤ 2000ዲ 500 ነው የሚለው። መብራት ሲጠፋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፎቶውን ጨለማ ቦታ አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ብታደምቁት ከካኖኖቹ ያነሰ ይበላሻል። ዲ5300 ደግሞ የሚዞር ስክሪንም የማይክ መሰኪያም አለው። ዲ3500 ማይክ የለውም። ታዲያ ምን ጎደለ? ሁለቱም ቦዲዎች ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፤ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መሆን አለበት። ርካሹን የድሮ 50 ሚሜ ኤፍ 1.8ዲ ገዝታችሁ ብታስሩ በእጃችሁ እያዞራችሁ ነው ፎከስ የምታደርጉት። ሙሽሮች ሲጨፍሩ በእጅ ፎከስ ሞክሩና ንገሩኝ።

ዋናው ግን ሰው ነው። ጅማ ውስጥ የማውቀው ፎቶ አንሺ ሁሉ ማለት ይቻላል የያዘው ካኖን ነው። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያለው ወዳጃችሁ ሌንስ ቢያውሳችሁ የካኖን ነው። ሥራ ላይ ባትሪ ቢያልቅባችሁ ከጎናችሁ ካለው ካሜራማን የምታገኙት የካኖን ነው። ካሜራ የሚፈታው ባለሙያም መለዋወጫ የሚያወጣው ከሞቱ ካኖኖች ነው። ኒኮን ይዛችሁ ስትሄዱ «አዲስ አበባ ላከው» ነው መልሱ።

ያገለገለ ስትገዙ ማየት ያለባችሁን በደንብ ልንገራችሁ፤ 700ዲ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ስለሆነ ደክሞ የሚሸጥም አለ። የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን 18 ላይ አድርጋችሁ ተኩሱ፣ 55 ላይ አድርጋችሁ ተኩሱ። ከዚያ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ፣ ቀጥሎ ኤፍ 16 ላይ (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) አድርጋችሁ ድገሙት። ቀዳዳው ሰፊ ሆኖ ሠርቶ ሲጠብ «ኤረር 01» ካመጣ ሌንሱ ውስጥ ያለችው ስስ ገመድ መሰንጠቋን ጠርጥሩ። ሻጩ በጨርቅ የሌንሱን እግር ጠራርጎ «ቆሻሻ ነው» ይላችኋል። ቆሻሻም ሊሆን ይችላል፤ ከተጠረገ በኋላ ግን መልሳችሁ ኤፍ 16 ላይ ተኩሱት። ስክሪኑን በላይቭ ቪው፣ ማለትም ሌንሱ የሚያየውን በቀጥታ እያሳየ፣ ቀስ ብላችሁ አዙሩት፤ ብልጭ ድርግም ካለ የማጠፊያው ገመድ እየሄደ ነው። ነጭ ግድግዳ ኤፍ 22 ላይ አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣቦቹ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ናቸው። አቧራ ይጸዳል። ጭረት ግን አይጸዳም።

ሹተር ካውንቱን (ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ የሚናገረውን ቁጥር) ኒኮን እያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው በቀላሉ ታዩታላችሁ። እነዚህ ካኖኖች አይጽፉም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በሶፍትዌር ማንበብ ነው። «አምስት ሺህ ብቻ ነው የተነሳበት» የሚል ሻጭ ካለ በምን እንዳየው ጠይቁት።

ሻጋታ የጅማ ልዩ በሽታ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚጥልበት ከተማ ውስጥ ሌንስ በቦርሳ ተዘግቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲከርም ሻጋታ ያበቅላል። ስትገዙ የሌንሱን ሁለት ክዳን ክፈቱና በአንድ በኩል የስልክ ባትሪ መብራት አብሩ፤ በሌላ በኩል ሰያፍ አድርጋችሁ እዩ። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ነጫጭ ክሮች ካሉ በነፃ ቢሰጧችሁም ከሌሎች ሌንሶቻችሁ ጋር አታስቀምጡት። ቤታችሁ ደግሞ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የምታገኟቸውን የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ጨምራችሁ አስቀምጡ። ለዚህ ወጪ የለበትም ማለት ይቻላል።

ፎርጅድ ባትሪ ሌላው ጣጣ ነው። የ700ዲ ባትሪ ኤልፒ-ኢ8 ነው፤ ከ600ዲ ጋር አንድ ስለሆነ እንደልብ ይገኛል። የ2000ዲ እና 4000ዲ ኤልፒ-ኢ10 ነው፤ ሲገዙ እንዳይቀላቀልባችሁ። ኮፒው «ኦሪጅናል» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፤ አንዳንዱ ሁለት ወር ሳይሞላው ያብጥና ከካሜራው አልወጣም ይላል። ስሙ የታወቀ የሦስተኛ ወገን (ካኖን ያልሠራው) ባትሪ በግልጽ ስሙ ገዝቶ መጠቀም ይሻላል። ሚሞሪውም ያው ነው። 64 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ 8 ነው፤ ከሞላ በኋላ የምታነሱት ሁሉ የለም። ሠርግ ላይ ከመያዛችሁ በፊት ቤት በቪዲዮ ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት።

በነገራችን ላይ ካሜራ ለመግዛት የምታመነቱ እህቶች፣ አታመንቱ። ሴቶች ብቻ የሚሰበሰቡበት የሒና ምሽት ላይ ወንድ ፎቶ አንሺ ቢመጣም በር ላይ ነው የሚቀረው።

2000ዲ ቀድማችሁ የገዛችሁ በኪሳራ ልትሸጡ አትሩጡ። 50 ሚሜ ጨምሩበት። ትሪገር ስትገዙ ካሜራውን ይዛችሁ ሂዱና እላዩ ላይ ሰክታችሁ አስተኩሱት። ድምፁን በስልክ ለብቻው ቅረጹና ኤዲቲንግ ላይ አጋጥሙት። 4000ዲ የያዛችሁ ደግሞ ረጅም ሌንስ ስታስሩ ክብደቱን ሌንሱ ሥር በእጃችሁ ደግፉት፤ ቦዲውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።