ለብሎንና ለማጠፊያ የትኛው የዚንክ ልባጥ ይሻላል?

ብረትን ከዝገት የሚከላከሉ ልባጦች በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲታዩ ብዙም የሚለያዩ ባይመስሉም፣ ዕድሜያቸውን በዋናነት የሚወስነው የዚንኩ ውፍረት ነው። ስለዚህ ገዢው አንጸባራቂነቱን ከማየቱ በፊት ስንት ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) እንደተለበጠ ሊጠይቅ ይገባል።

በኤሌክትሪክ የሚለበጠው ብሎን የዚንክ ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ማይክሮን የሚሆን ስስና ለስላሳ ሽፋን ይይዛል። ጥርሱ ስለማይደፈን ዳዶው ያለ ችግር ይገባል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። በቅልጥ ዚንክ የሚነከረው ግን 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ ቅልጥ ውስጥ ገብቶ ስለሚወጣ፣ ዚንኩ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ በብሎን ላይ 50 ማይክሮን ገደማ፣ በወፍራም ብረት ላይ ደግሞ እስከ 85 ማይክሮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። መልኩ ደብዘዝ ያለ ግራጫ፣ ገጹም ሻካራ ነው፤ ዳዶውም ሰፋ ተደርጎ መቆረጥ ስላለበት ሁለቱን አብሮ መግዛት ያስፈልጋል።

መካከለኛ የዝገት ጫና ባለበት አየር ዚንክ በዓመት ከ0.7 እስከ 2.1 ማይክሮን ይበላል። በ2 ማይክሮን ብናሰላው 8 ማይክሮን 4 ዓመት፣ 50 ማይክሮን ግን 25 ዓመት ይቆያል፤ እንደ ጅቡቲና ምጽዋ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ደግሞ ሁለቱም ፈጥነው ያልቃሉ። በዚህ ምክንያት ዝናብ ለሚያገኘው የውኃ ታንከር መቆሚያና የጣሪያ ብረት በቅልጥ የተነከረውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ለቤት ውስጥ ማጠፊያና ለቁም ሳጥን በኤሌክትሪክ የተለበጠው ይበቃል። ቱቦ ከሆነ ግን ውስጡን በባትሪ አብርቶ ማየት ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ውስጥ እምብዛም ስለማይዘልቅ ያ ክፍል ባዶ ሊቀር ይችላል።

ኒኬልና ክሮም ለውበት ተመራጭ ናቸው። ዚንክ ሲቧጨር ራሱ እየተበላ አጠገቡ ያለውን ብረት ይጠብቃል፤ ኒኬልና ክሮም ግን ይህን ስለማያደርጉ፣ በትንሿ ቀዳዳ የገባው ዝገት እዚያው ይበረታል።

ጭንቅላቱ ላይ 10.9 ወይም 12.9 የተጻፈበትን ጠንካራ ብሎን በኤሌክትሪክ ተለብጦ ሲያገኙ ጥንቃቄው ይጨምር። በልበጣው ወቅት ወደ ብረቱ የሚሰርገው ሃይድሮጅን፣ ብሎኑ ጠብቆ ከታሰረ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ በድንገት እንዲሰበር ሊያደርገው ይችላል። ይህን ለመከላከል ከልበጣው በኋላ ሳይዘገይ በ200 ዲግሪ ገደማ ለሰዓታት በምድጃ ይቆያል፤ ሻጩ ይህ መደረጉን በሰነድ ካላሳየ፣ ሸክም ለሚሸከም መጋጠሚያ ባይገዙት ይሻላል።