የውሸት መግለጫ ወይስ የውሸት ዜና፦ የቱ ይብሳል?

ሁለቱም በአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሠሩ ናቸው።

ኦክቶበር 23 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ስትነድ፣ የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ፌማ ዋሽንግተን ላይ ጋዜጣዊ መግለጫ ጠራ። ጋዜጠኞች የተነገራቸው 15 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው። በስልክ የገቡት ደግሞ መስማት እንጂ መጠየቅ አይችሉም። ታዲያ ማን ጠየቀ? የፌማ የራሱ ሠራተኞች። ወንበር ይዘው ለስላሳ ለስላሳውን ጠየቁ፣ ምክትል ኃላፊው መለሱ፣ ነገሩም በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ።

የ2004ቱ ሌላ መልክ አለው። የጤና ሚኒስቴሩ ስለ አዲሱ የሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ጤና መድን፣ የመድኃኒት ሕግ ቪዲዮ አሠራ። ሲያዩት ዜና ነው፤ የመንግሥት ሥራ መሆኑን ግን ለተመልካቹ አይናገርም። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ከዋሽንግተን እንደምትዘግብ ተናግራ፣ ስሟን ጠርታ ትሰናበታለች። ቢያንስ 40 ጣቢያዎች ሙሉውን ወይም ቁራጩን አሳዩት። የኮንግረስ ኦዲተሮች ሕግ ተጥሷል አሉ።

ለእኔ ሁለተኛው ይብሳል። የፌማው በቀናት ውስጥ ተጋለጠ፤ ይቅርታም ተጠየቀበት። ቪዲዮውን ቤቷ ቁጭ ብላ ያየች ጡረተኛ ግን በምን ታውቃለች? ስለ መድኃኒቷ የሰማችውን አምና ነው የምትወስነው። ያውም በራሷ ግብር በተሠራ ቪዲዮ! ጣቢያዎቹም ቢሆኑ ከወቀሳ አያመልጡም። ከማን እንደመጣ እያወቁ ነው ለተመልካቹ ሳይነግሩ ያለፉት።